የእማማ ጥሩሸዋ ጅጌ

ከተማችን ማስጀመር ትወዳለች። ችግኝ ተከላ ይጀመራል፣ ጽዳት ይጀመራል፣ የመንገድ ዳር መብራት ይጀመራል፤ በኖርኩባት ዘመን ሁሉ ግን «የማጠናቀቂያ ፕሮግራም» የሚል ባነር ተሰቅሎ አላየሁም። ይህን ስናገር የሥራ ባልደረቦቼ «አንተን ብርዱ ነው እንዲህ ያማረረህ» ይሉኛል። የመርሐቤቴ ሰው ነኝ፣ ቆላ ነው ያደግሁት፤ መንዝ ያመጣኝ መምህርነት ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለች በዚህች ትንሽ ከተማ ሐምሌን በሁለት ሹራብና በአንድ ጋቢ ነው የምወጣው። ብርዱ በእርግጥ አማሮኛል። የጎረቤቴ የእማማ ጥሩሸዋ ነገር ግን ከብርዱ ይበልጥ አማሮኛል፤ ስለ እሳቸውም ነው የምጽፈው።

እማማ ጥሩሸዋ የሚኖሩት ከእኔ ኪራይ ክፍል አጥር ማዶ ነበር። ቤታቸው ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። የሠሩት ባላቸው ወዳጆ ናቸው፤ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ የጓሳ ጠባቂ ነበሩ። ያን ሰፊ ሜዳ ሕዝቡ በራሱ ደንብ ይዘጋዋል፣ ቀኑ ሲደርስም ይከፍተዋል፤ ከተዘጋ ሣር ማጨድ ቀርቶ ከብት ማስገባትም ያስቀጣል። ወዳጆ የገዛ ወንድማቸውን ሣር ሲሰርቅ ይዘው አስቀጥተዋል እየተባለ እስካሁን ይወራል። እማማ ጥሩሸዋ ይህን ወሬ ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። «ወዳጆ ለዘመድ አይልም» ይሉ ነበር፣ ሞተው ስንት ዓመት ካለፋቸው በኋላም እንደ ሕያው ሰው እየጠሯቸው።

ከወለዷቸው የቀረችላቸው ወሰንየለሽ ብቻ ናት። አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ኋላ አግብታ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። አንድ ጊዜ እናቷን ወስዳቸው ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ተመለሱ።

«ምነው እማማ፣ አዲስ አበባ አልተስማማዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄማ ምን አጎደለችብኝ! ግን መምህር፣ እኔ ውሃ ስቀዳ አከራይዋ በመስኮት ታየኛለች። ሳስል ልጄ ትሳቀቃለች። እኔ እግዜርን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወዳጆ በሠራው ቤት ልሙት። በሰው ቤት መሞት ባለቤቱን ማስቸገር ነው።»

ማስቸገር የሚባለውን ነገር እንደ ኃጢአት ነበር የሚፈሩት። ጨው ቢቸግራቸው ይበደሩኝና ጨውን ከሁለት እንቁላል ጋር ይመልሳሉ። ወጥ በሳህን ልኬላቸው ሳህኑ ባዶውን የተመለሰበት ቀን የለም፤ አንዳንዴ ባቄላ፣ አንዳንዴ ቆሎ፣ ምንም ሲጠፋ የፈተሉት የበግ ጠጉር ድውር ይሆናል። ጠጉሩን ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር፣ ግን አልመልሰውም።

የቤታቸው ሣር አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ። ጓሳ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢከፈትም አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ከድኖ የሚሰጣቸው ሰው አልነበራቸውም። በሚያፈሰው በኩል ላስቲክ ጣል አድርገው፣ ድንጋይ ጭነውበት፣ አልጋቸውን ወደ ሌላው ጥግ ስበው ይኖሩ ነበር። ቤቱ ያፈስ ነበር እንጂ ቤት ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ።

በሰኔ ማለቂያ ላይ እስከዳር መጣች። እስከዳር የከተማችን ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ አጥታ ከቤት የተቀመጠች፣ በዚያ ክረምት የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ቡድን አስተባባሪ የሆነች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ልቧ ንጹሕ ነው፤ የምትጀምረውን ነገር እንደምትጨርስ በእውነት የምታምን አንዲት ሰው ከተማችን ውስጥ ብትኖር እሷ ነበረች።

«እማማ፣ ወጣቶቹ ቤትዎን ሊያድሱልዎት ነው» አለቻቸው። «ይሄን አሮጌ ክዳን አንሥተን ቆርቆሮ እናለብሰዋለን።»

እማማ ጥሩሸዋ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ የጠየቁት ስለ ቆርቆሮው አልነበረም።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡ?»

«አርባ ያህል እንሆናለን።»

«አርባ!»

«ምንም እንዳያስቡ። ምንም ነገር እንዳያዘጋጁ እማማ። በነጻ ነው፣ ውሃም ቢሆን ይዘን ነው የምንመጣው።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ። እግዜር ይስጣችሁ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር «ምንም እንዳታዘጋጁ» ማለት የእንግዳ ወግ ነው። እንግዳ ይላል፣ ባለቤት እሺ ይላል፣ ከዚያ ባለቤቱ ያዘጋጃል። ቃሉን እንደ ቃሉ ወስዶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ቢኖር ያ ሰው ወይ ንፉግ ነው ወይ ሞኝ። በዚያ ላይ ጅጌ አለ። አንድ ሰው ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲገጥመው አገሬውን ይጠራል፤ አገሬው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፣ ጠሪው ምግብና መጠጡን ያቀርባል። ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከል አይገባም። ጅጌ ጠርቶ ያላበላ ሰው ግን ስሙ ከልጅ ልጁ ጋር ሲነሣ ይኖራል። እማማ ጥሩሸዋ ከእስከዳር ንግግር ውስጥ የሰሙት አርባ ሰው ለሥራ እንደሚመጣ ነው፤ የቀረውን እንደ ጨዋ ልጅ አነጋገር ቆጠሩት።

በማግሥቱ ጌሾ ሲወቅጡ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ይሄኮ ጅጌ አይደለም። የመንግሥት ፕሮግራም ነው» አልኳቸው።

«መንግሥት ነው ድንጋይ የሚሸከመው?»

«አይ፣ ልጆቹ ናቸው።»

«ልጆቹ ታዲያ ሆድ የላቸውም?»

ዘነዘናውን ተቀበልኳቸው።

በግ ነበሯቸው፤ ሁለት እናት በጎችና አንድ ሙክት። ለመንዝ ሰው በግ የክረምት ዋስትናው ነው፤ ሲታመም የሚሸጠው፣ ገብሱ ሲያልቅ የሚሸጠው። እናቶቹን ሸጡና በርበሬ፣ ዘይትና ተጨማሪ ገብስ ገዙ። ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ አስፈጩት። ጠላውን ጠመቁ፣ አረቄውን ከጎረቤታቸው ከተሾመች ጋር ሆነው አወጡ። ሥራው የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ ላለው ሐሙስ ተቀጥሮ ስለነበር ረቡዕ ማታ ሙክቱ ታረደ። «እማማ፣ በዚህ ሁሉ ገንዘብ እኮ ራስዎ ቆርቆሮ ይገዙ ነበር» አላቸው ሙክቱን ያረደላቸው ታዲዮስ። «ቆርቆሮውን እነሱ ያመጡት የለ» አሉት። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ የቆርቆሮ ሰው የራሱን ያመጣል፣ የምግብ ሰው የራሱን ያቀርባል።

ሐሙስ ማንም አልመጣም።

ወጡ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ደግሞ ሲሞቅ ዋለ። እማማ ጥሩሸዋ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው በራቸው ላይ ቆመው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ እስከዳር እየሮጠች መጣችና፣ ከላይ የሚመጡት እንግዶች ስብሰባ ስለገጠማቸው ማስጀመሪያው ለነገ መዞሩን ተናገረች።

«ነገ?» አሉ እማማ ጥሩሸዋ። «ነገኮ ዓርብ ነው።»

ልጅቱ ዓርብ መሆኑ ምን እንደሚያመጣ አልገባትም፤ ከቡድኑ ስለ በጉ የሚያውቅ አልነበረምና። እሳቸውም አልነገሯትም። ለእንግዳ «አርጄ ነበር» ብሎ መንገር ነውር ነው። ሄደች። እኛ ግን የሙክቱን ወጥ በድስቱ ከድነን፣ ሽሮ ከየቤቱ ስንለምን አመሸን። እኔ ራሴ የወር አስቤዛዬን ሽሮ ነው የሰጠሁት። በዚያ ሰዓት ስብሰባ የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው ባገኘው ኖሮ እላለሁ፣ ደግሞ እተወዋለሁ።

ዓርብ መጡ። መኪና ቆመ፣ ባነር ተወጠረ፣ ልጆቹ በሹራባቸው ላይ ነጭ ቲሸርት አጥልቀው ተሰለፉ። ንግግር ተደረገ። ከላይ የመጡት ኃላፊ መሰላል ላይ ወጥተው የመጀመሪያውን የሣር እፍኝ ነቀሉ፤ ተጨበጨበ፤ ፎቶ በደንብ አልወጣም ተብሎ ሁለተኛ እፍኝ ነቀሉ። ከዚያ ልጆቹ ወጡበት። እንደ እውነቱ ከሆነ በሙሉ ልባቸው ነው የሠሩት። ሣሩን ገፈፉት፣ የበሰበሰውን ማገር ነቃቀሉት፣ ለፎቶ ግቢው ይጽዳ ስለተባለም ሁሉንም ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል ወረወሩት። ያ ቤት እኩለ ቀን ሳይሆን ሰማይ ይታይበት ነበር።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ልጆቹ ደነገጡ፤ ዳቦና ውሃ ይዘው ነበር። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ እማማ ጥሩሸዋ በየእጃቸው አጎረሷቸው። በኃላፊው ጉልበት ላይ ትሪ አስቀመጡ። ኃላፊው ሽሮውን አመስግነው፣ አረቄውን ቀምሰው፣ ስለ ሕዝባችን እንግዳ ተቀባይነት አጠር ያለ ሁለተኛ ንግግር አደረጉ። እማማ ጥሩሸዋ ጠላ ለመቅዳት ከአንዱ ወዳንዱ ሲሉ አየኋቸው። በኖርንበት ጉርብትና እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። ባል እንዳላቸው፣ ቤተ ዘመድ እንዳላቸው፣ አርባ ሰው ጠርተው አርባ ሰው እንደመጣላቸው ሴት ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያሳፍራቸው። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሥጋውን አላቀመስኳቸው፣ ምን ይሉኝ ይሆን» አሉኝ።

ደመናው ሲጠቁር መኪናው ተነሣ። ቆርቆሮው ደብረ ብርሃን ተጭኗል፣ ነገ ይደርሳል ተባለ።

ቅዳሜ ማለዳ ወጡ ተሞቀ። የመጡት እስከዳርና ዮፍታሄ የሚባል ጓደኛዋ ብቻ ነበሩ፤ ቆርቆሮው ስላልደረሰ ሸራ ተበድረው መጥተዋል። ሸራው ግማሹን ነው የሸፈነው። እማማ ጥሩሸዋ ለሁለቱ ሥጋ አበሏቸው፣ ለቀሩትም በሳህን ሊልኩ ሲሉ እስከዳር «ሁሉም በየቤቱ ሄዷል» አለቻቸው። ወጡን እኛ ጎረቤቶቹ ጨረስነው።

በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ተዘጋ። በዚህ ዘመን መንገድ ሲዘጋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ መቼ ይከፈታል እንጂ። ቆርቆሮው ደብረ ብርሃን አለ ይባላል፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ሐምሌ ደግሞ መንዝ ላይ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ሸራው ባልሸፈነው በኩል እየገባ የግድግዳውን ጭቃ ማጠብ ጀመረ። ወደ እኔ ክፍል ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው፤ ቤታቸውን ጥለው እንደማይወጡ ነገሩኝ። ታዲዮስ ጓሳ ሄዶ ሽማግሌዎቹን ጥቂት ሸክም ሣር ይፈቀድላቸው ብሎ ሊለምን ተነሣ። እማማ ጥሩሸዋ ሲሰሙ ተቆጡ። «ወዳጆ ሲጠብቀው የኖረውን ሣር በእኔ ሰበብ ታስከፍታለህ? ደግሞስ የክረምት ሣር እርጥብ ነው፣ ላዬ ላይ ይበሰብሳል» አሉት። እሱም ቀረ።

እስከዳር በየሁለት በየሦስት ቀኑ ትመጣ ነበር። ቢሮ ሄጃለሁ፣ ደውያለሁ፣ ቃል ገብተውልኛል ትላለች። ሦስት አራት ልጆች አስከትላ ትመጣና ሸራውን ታጠብቃለች፣ ውሃውን በቦይ ታስወጣለች። በመጡ ቁጥር እማማ ጥሩሸዋ ያበሏቸዋል። እምቢ ሲሉ ይቀየማሉ። ጅጌው አላለቀምና ግዴታው አላለቀም። አንድ ቀን እስከዳር ሸራ ልትስብ ወደ ውስጥ ገባችና የእህል ማስቀመጫውን ጎታ አየችው። ባዶ ነበር፤ ከሥሩ የቀረችው ገብስም በዝናቡ አብቅላለች። አጥሩን ዞራ ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ እየበላናቸው ነው» አለችኝ። «የመጣን ቁጥር እየበላናቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሳልይዝ በእሳቸው በር አልገባም። ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።»

«ደግ አስበሻል» አልኳት። ደግ መስሎኝ ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ፍልሰታ ገባ። እማማ ጥሩሸዋ ጋቢያቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሱባኤ ገቡ። ምእመኑ በዚህ እርጅናቸው ጸሎታቸውን አደነቀ፤ ቄስ አትናቴዎስም ምሳሌ አድርገው ጠቀሷቸው። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ከሰው ቤት ሳይጠጉ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ከዝናብ ተጠልለው የሚያድሩበት ሌላ ጣሪያ አልነበራቸውም። ጸሎታቸውም ግን የእውነት ነበር። ምን ብለው ይጸልዩ እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ።

ጾሙ ተፈትቶ ወደ ቤታቸው በተመለሱ በሳምንቱ፣ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ሳሉ የጓሮው ግድግዳ ወረደ። ድንጋዩ ሲንከባለል ሰምቼ ወጣሁ። አልጋውን ደፍኖታል። ቢተኙበት ኖሮ አልቆላቸው ነበር፤ በኋላ ይሄን ስላቸው «ምነው በተኛሁበት» አሉኝ። ሲያማርሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለወሰንየለሽ ደወልኩላት። ሌላ የምደውልለት ሰው አልነበረም።

ልጃቸው እስክትደርስ እኔ ክፍል ተቀመጡ። እንዝርታቸውን አላወጡም። በር በሩን ያያሉ።

«መምህር» አሉኝ አንድ ከሰዓት፣ «ልጆቹን ምን አጉድዬባቸው ነው የቀሩት?»

«ምንም አላጎደሉም እማማ። ቆርቆሮው ስላልመጣ አፍረው ነው።»

«ቆርቆሮ ባይመጣ እግር ጠፋ? አታባብለኝ። ጅጌ የበላ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ የሚቀረው ባለቤቱ ሲያጎድል ነው። ሙክት ታርዶ እያለ ሽሮ አቀረብኩላቸው። ቅዳሜ ደግሞ ለሁለቱ ብቻ ሥጋ ሰጠሁ። ነገሩን የሰሙት ሁሉ ለራሷ አስቀረች ብለው ይሆናል። ፍልሰታን ሙሉ የለመንኩት ይሄን ነው፤ ልባቸውን እንዲመልስልኝ።»

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፤ ማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ አጣሁና የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ወጣሁ። ስብሰባው፣ መንገዱ፣ ባነሩ፣ እኔ «ደግ አስበሻል» ያልኩት ነገር፤ የቱን ልያዘው? የተበደሉት ሴትዮዋ ናቸው እኮ! ስመለስ ደግሜ አስረዳኋቸው። በጨዋነት ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ምንም አያዘጋጁ» ሲባሉ የነቀነቁትን ዓይነት ነበር።

ወሰንየለሽ መጣች፤ ስታለቅስ አድራ ጠዋት ሦስታችን ወደ መሐል ሜዳ ወረድን። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ እስኪሞላ እናትዬዋን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። አንዲት ቋጠሮ ነበረቻቸው፣ እሷንም ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋታል። ከእንግዲህ ተራ ጠብቀው ሽንት ቤት የሚሄዱበት፣ ልጃቸው የምትሳቀቅበት ክፍል ነው የሚጠብቃቸው፤ እዚያም ነው የሚሞቱት። እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል እስከዳር ደረሰች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ከገበያው በኩል እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ትንፋሿ አላናግር አላት። ይቅርታ ልትጠይቅ እንደመጣች ፊቷ ላይ ተጽፏል። እማማ ጥሩሸዋ ግን እንዳዩዋት ቋጠሯቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ የሹፌሩን ቁጣ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ከመኪናው ወረዱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊቷ ዝቅ አሉ። ልጅቱ ብድግ ልታደርጋቸው ክንዳቸውን ያዘች።

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» አሏት። «ጠርቼ አላበላኋችሁም።»

«እማማ፣ ኧረ እኛ ነን… እኛ ነን እንጂ…»

«አትሸፋፍኚልኝ። እዚያ ስሄድ ይሄን ይዤ እንዳልሞት ነው። ለልጆቹም ንገሪልኝ፤ ቀኑ ዓርብ ሆኖባት ነው እንጂ ነፍጋ አይደለም በያቸው። እሺ በዪኝ።»

እስከዳር ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ምን ልበል ይላል። እውነቱን መናገር ትፈልግ ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን ሁለት ጊዜ ነግሬያቸው ያመጣሁትን አውቀዋለሁ። መሬት መሬት አየሁ። ረዳቱ «እናት፣ ግቡ እንጂ!» እያለ በሩን ይደበድባል።

«ይቅር ብለንዎታል፣ እማማ» አለች እስከዳር።

እማማ ጥሩሸዋ ግንባሯን ሳሟት። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ቀለል ብሏቸው ወደ መኪናው ገቡ።